ሲጥ፣ ቋ፣ ቅጭል፦ የፒክአፕ ድምፆች አመዳደብ

የዚህ ጥናት ወሰን ደብል ጋቢና ፒክአፕ ነው። አውቶሞቢል አይመለከተንም። አውቶሞቢል ሲታመም ይቆማል፤ ፒክአፕ ግን እያጉረመረመ ሥራውን ይቀጥላል፣ ለጥናት የሚመቸውም ለዚሁ ነው።

ድምፁ ጋራዥ የሚደርሰው በሹፌሩ አፍ ነው። ከረባት ያሰረ፣ ልጅ የዳረ ሰው ዘይት በጠጣ መሬት ላይ ቆሞ «ሲጥ… ሲጥ… ከዚያ ቋ!» ይላል። ወጣቱ መካኒክ አይስቅም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ቋ ነው ወይስ ጓ፣ ጋሼ?» ብሎ ይጠይቃል። በቋና በጓ መካከል ያለው ልዩነት በብር ሲመነዘር ቀላል አይደለም። ከዚያ አብረው ሰፈሩን ይዞራሉ፤ መኪናው ጭጭ ይላል። ድምፅ በመካኒክ ፊት ቃሉን የመስጠት ግዴታ የለበትም።

ድምፆች በአምስት ይከፈላሉ። አራቱ ጨዋዎች ስለሆኑ ብዙ አያቆዩንም።

«እምምም» የሚለው ኩሽኔታ ነው። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ይጨምራል፤ መሪው ወደ ግራ ሲዞር ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚያጋድል፣ ያኔ ከባሰበት የሚጠረጠረው የቀኙ ነው። ማርሽ ከፊት ወደ ኋላ ሲቀየር አንዴ «ቋ» ብሎ የሚተወው ክሮቸራ ነው። በብርድ ጠዋት ሞተር ሲነሳ «ሲጢጢጥ» የሚለው ቺንጋ ነው፤ ውኃ ጠብ ሲደረግበት ለአፍታ ዝም ካለ ጥፋቱን አምኗል። ከኋላ «ጓጓጓ» የሚለው ባሊስትራ ነው። ሂሉክስ በ1968 እ.ኤ.አ. ገበያ ከወጣ ጀምሮ የኋላ ክፍሉ በአመዛኙ የተቀመጠው ባሊስትራ ላይ ነው፤ ባሊስትራ ደግሞ ለጭነት የተሠራ ስለሆነ ባዶውን ሲሄድ ይነጫነጫል። አምስት ኩንታል ጤፍ ሲጫንበት ጸጥ ይላል። ድምፅ ለማጥፋት ብሎ ጤፍ መግዛት ግን በዛሬ ገበያ አይመከርም።

አምስተኛው «ቅጭል» ነው። ቅጭል የጋቢና ነዋሪ ነው። ሰው አይጎዳም፣ መኪና አያቆምም፣ የቦሎ ምርመራም አይመለከተውም። በመሆኑም በእሱ ላይ የሚባክነው ዕድሜ በአራቱ ላይ ከሚባክነው ይበልጣል። ንዑስ ክፍሎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. ተዳሳሽ ቅጭል። ክሩስኮቱ ላይ መዳፍ ሲያርፍበት ዝም ይላል፣ መዳፉ ሲነሳ ይቀጥላል። ፊት የተቀመጠ ዘመድ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት እጁን ዘርግቶ የሚጓዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሙዝ መላጥ ሲያምረው «ኧረ እባክህ እጅህን አታንሳ!» ይባላል።

ለ. ሙዚቃ ወዳድ ቅጭል። ሬዲዮ ሲከፈት ይጀምራል፣ ሲዘጋ ያቆማል። ዜና ላይ ዝምተኛ ነው፤ ቤዝ ጊታር ሲገባ አይችልም።

ሐ. ስደተኛ ቅጭል። የግራ በር ውስጥ ወረቀት ሲወሸቅበት ወደ ቀኝ በር ይዛወራል፤ እዚያም ሲደርሱበት ጣራው ላይ ካለው መብራት ዘንድ ይጠጋል። አሳዳጁ በመጨረሻ መኪናውን በሙሉ በወረቀት ይሞላል።

ወረቀቱ ራሱ ሊጠና ይገባዋል። የነዳጅ ደረሰኝ፣ ያልወጣ ሎተሪና የሠርግ መጥሪያ አራት ታጥፈው ስንጥቁ ውስጥ ይገባሉ። ያረጀ ፒክአፕ ክሩስኮቱ ሲፈታ ከላይ የቅርቡ ዘመን፣ ከሥር ደግሞ ነዳጅ ርካሽ የነበረበት ዘመን ይገኛል። ከመጥሪያዎቹ አንዳንዶቹ ከጋብቻው በላይ ቆይተዋል።

ባለሙያ ሲጠየቅ ሁሉም በሙያው ይሰማል። ጎሚስታው «ጎማው ባላንስ ይፈልጋል» ይላል። ኤሌክትሪሺያኑ ዲናሞውን ይከስሳል። ላሜራ ሠሪው በሩን ሦስቴ ከፍቶ ዘግቶ በሐዘን ራሱን ይነቀንቃል። ሶማሌ ተራ ያለው ዕቃ ሻጭ ድምፁን መስማት ሳያስፈልገው «ኦርጅናሉ አለኝ» ይላል። ሽማግሌው መካኒክ ብቻ ረጅም ካቻቢቴ ያወጣል። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። የጋራዡ ሰው ሁሉ መዶሻውን ያስቀምጣል። ሽማግሌው ቆይቶ ቀና ይልና ይፈርዳል፦ «ሞተሩ ደህና ነው። ከወንበሩ ኋላ ያለው ክሪክ ይታሰር።»

ክሪኩ ታሰረ። ቅጭሉ ቀጠለ።

መ፣ ሠ እና ረ የተባሉ ንዑስ ክፍሎችም ተዘጋጅተው ነበር። ነገር ግን የጣርማ በርን ቁልቁለት እንደጨረስን ድምፁ በድንገት ስለጠፋ ምደባው እዚህ ላይ ይቆማል። ከአሁን በኋላ ጉዳዩ ተመራማሪ አይሻም፤ የሚሻው ዳገቱን በእግሩ ተመልሶ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ የወደቀውን ዕቃ የሚፈልግ ሰው ነው።