ስለ ቦርከና ሸለቆ የብስክሌት ሽርሽር የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ ብስክሌት እንጂ ጉልበት ያልታደልን የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪዎች፤

ፈረንጅ ዳኑብን ተከትሎ ከፓሳው ቪየና ሲነዳ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በሚበልጠው መንገድ ወንዙ 150 ሜትር እንኳ የማይወርድለት በመሆኑ፤ የእኛው ቦርከና ግን ከደሴ በዶሮ መዝለያ ገደሉን ሰንጥቆ ኮምቦልቻ እስኪደርስ፣ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ስለሚወርድ፤ «ወንዝ ዳር ሜዳ ነው» የሚለው የሰው አገር ወሬ በወሎዬ ጉልበት ላይ ያደረሰውን በደል መርምረን፤ መውረዱን ሁሉም እንደሚወድ፣ መውጣቱን ግን ሁሉም ለጓደኛው እንደሚተው ተገንዝበን፤ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፤ ትርጓሜ

«ሽርሽር» ማለት ማንም ሳያዝ የሚደከም ድካም ነው። «ብስክሌት» ማለት ፍሬን ያለው ነው። ፍሬን የሌለው ለዚህ አዋጅ አፈጻጸም እንደ ድንጋይ ይቆጠራል፤ በሐረጎ ቁልቁለት ላይም እንደ ድንጋይ ይወርዳል።

አንቀጽ 2፤ ስለ ቁልቁለት

ከደሴ መነሣት የሚቻለው ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ሲገፈፍ ነው። ጋቢ ለብሶ መንዳት ክልክል ነው፤ ጫፉ ካቴና ውስጥ ይገባል። ጃኬት ግዴታ ሲሆን፣ ኮምቦልቻ ሲቃረብ ሙቀቱ ራሱ ያስወልቃል።

በጠመዝማዛው ላይ ቅድሚያ የሚያገኘው የጅቡቲ ተሳቢ ነው፤ ቀጥሎ አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ አህያ፤ በመጨረሻ ብስክሌት። አህያዋ የቀደመችው ሥራ ላይ ስለሆነች ነው።

አንቀጽ 3፤ ስለ ዳገት

ዳገት በዚህ አዋጅ ተሽሯል።

ሽረቱ መሬት ላይ እስኪወርድ ድረስ ብስክሌቱ በሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ተጭኖ ይወጣል። ረዳቱ «ብስክሌቷ የአንድ ሰው ትከፍላለች» ሲል፣ ባለቤቱ «እንግዲያው ወንበር ይሰጣት» ብሎ የመከራከር መብቱ የተጠበቀ ነው፤ ሌሎች ተሳፋሪዎች «ሒድ በለው እንጂ፣ መሸብን» ካሉ ግን ክርክሩ ይዘጋል፤ ሒሳቡም ይከፈላል። ረዳቱ «አብሽር ጋሼ፣ በደንብ አስሬያታለሁ» ባለ ጊዜ ባለቤቱ ወርዶ ገመዱን በእጁ ይስባል።

ዳገቱን እየነዳ ሲወጣ የተገኘ ሰው፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ ከጋለቡት ብስክሌተኞች የሚወለድ ስለመሆኑ ማስረጃ ያቀርባል።

አንቀጽ 4፤ ስለ ደርሶ መልስ

ሜዳ የናፈቀው ኮምቦልቻ አድሮ፣ ወንዙን ተከትሎ በሐርቡ በኩል ወደ ከሚሴ ይነዳል። መንገዱ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ መመለሻውም ያው ስለሆነ፣ የደከመው ሐርቡ ላይ ቢመለስ አይወቀስም። በበጋ ጨፋ ሜዳ ላይ መንገዱ የከብቶቹ ነው። ደወል ቢደወልላቸው አይሰሙም፤ እረኛውን በአክብሮት ሰላም ማለት ይሻላል።

ኬላ ላይ «ከየት ወዴት?» ለተባለ፣ «ከኮምቦልቻ ወደ ኮምቦልቻ» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም አያሳልፍም። «ዘመድ ጥየቃ» ማለት ይበቃል።

አንቀጽ 5፤ ስለ ወንዙ

የሽርሽሩ ዓላማ ወንዝ ማየት በመሆኑ ወንዙ ይታያል። ከከተሞቹ በታች ግን አፍንጫ መያዝ የተፈቀደ ሲሆን፣ በአንድ እጅ መንዳት ስለማይፈቀድ ብስክሌተኛው አስቀድሞ ይቆማል። ይህ አንቀጽ ፌስታሉና የፋብሪካው ፍሳሽ ቦርከና ውስጥ መግባት ያቆመ ዕለት ይሻራል። የሚመለከታችሁ ሁሉ፣ የምንለምናችሁ እሱን አንቀጽ ቶሎ እንድታሽሩን ነው።

አንቀጽ 6፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ክረምቱ ወጥቶ ናዳው ከመንገድ ሲነሣ ይጸናል። የጎማ መንፊያ ያለህ ይዘህ ና፤ ያለን አንድ ነው፤ እሱም ያፈስሳል።