የተወለወለ ወለልና የተቀደደ ካልሲ

ይህ የወለል ጥናት ሐራ ላይ የተካሄደበት ምክንያት ፍጹም ሳይንሳዊ ነው። ሐራ ገበያ ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ የሚመጣው የባቡር መስመርና ከመቀሌ የሚወርደው መስመር እንዲገናኙባት የታቀደች ከተማ ናት። ባቡሩ እስኪመጣ ግን ሴራሚኩ በአይሱዙ ተጭኖ ቀድሞ ገባ። ሰው ደግሞ ባቡር ሲጠብቅ ቤቱን ማሳመሩ አይቀርም። ዛሬ ከሐራ እስከ መርሳ፣ ከመርሳ እስከ ወልድያ፣ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ለእንግዳ መጀመሪያ የሚያሳየው ወለሉን ነው። እንግዳው ቀና ብሎ ኮርኒሱን ላድንቅ ቢል አይፈቀድለትም። ቀና ካለ ይወድቃል።

ወለል ባጠቃላይ በአራት ምድብ ይከፈላል። አከፋፈሉ የራሳችን ስለሆነ አከራካሪ አይደለም።

አንደኛው በእበት የተለቀለቀው ነው። እበቱ በውሃ ይለወሳል፣ በእጅ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል፤ አለቀ። ሲላላጥ እንደገና ይለቀለቃል። አቦሉ ቢደፋበት ጠጥቶ ዝም ይላል፤ ቶናው ቢደገምበትም ቅር አይለውም። ቄጠማ ሲጎዘጎዝበት ከዚያ በላይ ማጌጥ አይጠበቅበትም። እበት ወለል ላይ ተንሸራቶ ወገቡን የተሰበረ ሰው አልገጠመንም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ስለ ጫማ የተከራከረም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ጥቅም በካርቶን ሴራሚክ ለውጠን ሠለጠንን።

ሁለተኛው ሊሾ ነው። ሊሾ ስለ ራሱ ብዙ አያወራም። እኛም አናወራበትም።

ሦስተኛው የዚህ ጥናት ባለቤት የሆነው ሴራሚክ ነው። ሴራሚክ በዘር ሐረጉ ሸክላ ነው፤ ከጀበናና ከምጣድ ጋር ይዛመዳል። በፋብሪካ እቶን ውስጥ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ይጠበሳል፤ ፊቱ ላይ የሚያብረቀርቀው ነገር ከሸክላው ጋር አብሮ የቀለጠ ስስ የብርጭቆ ሽፋን ነው። ብርጭቆ ቡና አይጠጣም፣ ዘይት አይጠጣም፣ ወጥም አይጠጣም። በዚያ ሁሉ እሳት ውስጥ አልፎ የመጣ ፍጥረት ላይ አንዲት የቡና ጠብታ ስታርፍ ግን ቤተሰቡ በሙሉ ተነስቶ ይጮኻል። ጨርቅ የሚፈልግ ወደ ጓዳ ይሮጣል፤ ሲሮጥ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት የያዘውን ሲኒ ይደፋል። የመጀመሪያዋን ጠብታ ከዚህ በኋላ የሚያስታውሳት የለም።

ሴራሚክ ከሰው የሚፈልገው በጣም ጥቂት ነው። አሸዋውና አቧራው በለስላሳ መጥረጊያ ይጠረግለት፤ ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ተደርጎ ይወልወል፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ ይደገም፤ በደረቅ ጨርቅ ይታበስ። እንዲህ ከሆነ ከባለቤቱ በላይ ይኖራል። ችግሩ ይህን ያህል ቀላል ነገር ማንንም አለማርካቱ ነው። ሳይደክሙለት የጠራ ወለል እንደጠራ አይቆጠርም። ስለዚህ ኦሞ በእፍኝ ይበተናል። አረፋው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ ልጆች ደስ ይላቸዋል። በንጹህ ውሃ መድገም የሚለው ክፍል ውሃ ስለሚፈጅ ይዘለላል። ያልታጠበው ሳሙና ሲደርቅ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀራል፤ ሽፋኑ የሐራን አቧራ እየጠራ ያስቀምጣል፤ ወለሉም በማግስቱ ይደበዝዛል። የቤቱ እመቤት ጎንበስ ብላ አይታው «ኦሞው አንሶት ነው» ትላለች። ይጨመራል። በዚህ አካሄድ ሦስት ዓመት የተወለወለ ወለል ቢፋቅ የሰፈሩን ልብስ ማጠብ የሚችል ሳሙና ይወጣዋል ብለን እንገምታለን። ቆሻሻው ያላሸነፈውን ወለል ጽዳቱ አሸነፈው ማለት ነው።

በሴራሚክና በሴራሚክ መካከል ያለችው ቀጭን መስመር፣ ባለሙያዎቹ ፉጋ የሚሏት፣ ሌላ ጉዳይ ናት። እሷ ብርጭቆ የላትም፤ ሲሚንቶ ናት። ያገኘችውን ትጠጣለች። ስለዚህ ፉጋን ነጭ እንዲሆን የመረጠ ሰው ምን አስቦ እንደነበር ጥናታችን ሊደርስበት አልቻለም። ወለሉ ተሠርቶ በተመረቀ በወሩ የምጣዱ አቅጣጫ በጥቁር፣ የበሩ አቅጣጫ በቡኒ ይለያል፤ የቤተሰቡ የእለት እንቅስቃሴ በፉጋው ላይ እንደ ካርታ ይነበባል። ማን ሌሊት ተነስቶ ጓዳ እንደሚገባ ጭምር ይታወቃል። መፍትሔው ከጥርስ የተገለለ ብሩሽ፣ ትንሽ ሳሙናና ጉልበት ነው። አንዳንዱ ግን ሴራሚክ የነጠፈው ባለሙያ ትቶት የሄደውን አሲድ ያስታውሳል። አሲድ የሲሚንቶ ጠላት ነው፤ ቆሻሻውን ከነፉጋዋ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በእርግጥም የሚጸዳ ነገር አይኖርም።

እዚህ ላይ ከሽሙጥ ወጥተን አንድ ነገር እንናገር። በረኪና ጎበዝ ነው፣ አሲድም ጎበዝ ነው፣ ሁለት ጎበዝ ቢደባለቅ ይበልጥ ይጎብዛል የሚል ሰው በየሰፈሩ አለ። ሁለቱ ሲደባለቁ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ ጀርመኖች በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ በጠላት ምሽግ የለቀቁት ያው ጋዝ ነው። መታጠቢያ ቤትን በር ዘግቶ በዚህ መሣሪያ ማጽዳት ተገቢ አይደለም። ለየብቻም ቢሆን መስኮት ይከፈት። ወደ ጥናታችን እንመለስ።

አራተኛው ምድብ እምነ በረድ ነው። በየባንኩና በየሆቴሉ ይገኛል፤ በመኖሪያ ቤት ሲገኝ ባለቤቱ ዋጋውን ሳይጠየቅ ይናገራል። እምነ በረድ መልኩ ኩሩ፣ ባሕርይው ግን ስስ ነው። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሞስ በ1812 እ.ኤ.አ. ማዕድናትን በጥንካሬ ከ1 እስከ 10 ደረጃ ሲሰጣቸው እምነ በረድ የተሠራበት ካልሳይት 3 ላይ ቀረ፤ ተራው አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ላይ ተቀመጠ። በጫማ ሶል ተጣብቃ የገባች የአሸዋ ቅንጣት እምነ በረዱን እየጫረች ትሄዳለች፤ እምነ በረዱ እሷን ምንም አያደርጋትም። ሎሚና አቼቶ ሲነኩት ደግሞ ፊቱ ተበልቶ ይደበዝዛል። የፍራፍሬ አገር በሆነችው በመርሳ እምነ በረድ ያነጠፈ ሰው ከአካባቢው ጋር ጦርነት ከፍቷል ማለት ይቻላል።

ስለ ድንጋይ ወለል አጠባበቅ ከተነሳ ግን የዚሁ የሰሜን ወሎ ሰዎች ከማንም መማር አይገባንም። ላሊበላ ላይ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከነወለላቸው ከቋጥኝ ተፈልፍለው ቆመዋል፤ ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ለነዚያ ወለሎች ኦሞ በእፍኝ አልተበተነም። የተደነገገው አንድ ሕግ ነው፦ ጫማህን ደጅ አውልቅ። መስጊዱም ከጥንት ጀምሮ ያንኑ ይላል። ምክንያቱ አክብሮት ነው እንጂ ሞስ አይደለም፤ የአሸዋዋ ቅንጣት ግን በሁለቱም ምክንያት ደጅ ትቀራለች። ሐራም ይህን ሕግ ከአምልኮ ቤት ወደ ሳሎን አስገባችው። ጥናቱም ከዚህ በኋላ ከወለሉ ተነስቶ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ እንደሚታየውም ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።

ደጃፍ ላይ የሚደረገው ክርክር እንደ ቡናው ሦስት ዙር አለው።

— ኧረግ! ምነው ጋሼ፣ በጫማዎ ይግቡ እንጂ!

— የለም የለም፣ ይኼን የመሰለ ወለል!

— ኧረ በአላህ! ወለል ለሰው ነው እንጂ ሰው ለወለል ነው እንዴ?

— ወላሂ አላደርገውም።

— አፈር ስሆን ይግቡ! ደግሞም ገና አልወለወልነውም።

— ኧረ ተይ ልጄ፣ እንዲህ ነው የሚሻለኝ።

እንግዳው ይህን ሲል አንዱን እግሩን አውልቆ ጨርሷል። የቤቷ ባለቤት ደግሞ «በጫማዎ ይግቡ» እያለች በተናገረችበት ጊዜ ሁሉ ዓይኗ ከሶሉ አልተነቀለም። «ገና አልወለወልነውም» ያለችው ወለል ከኋላዋ እንደረጠበ ያንጸባርቃል። ሁለቱም እውነቱን ያውቃሉ፤ ሁለቱም አልዋሹም። ክብር የተጠበቀበት ስምምነት ነው። ማሰሪያ ያለው ጫማ የሚያደርጉ እንግዶች ሦስተኛውን ዙር ጎንበስ ብለው ስለሚያሳልፉት ድምፃቸው አይሰማም። ሸበጥ የሚያደርጉት ከአንደኛው ዙር በፊት ገብተው ተቀምጠዋል።

ይህን ሥርዓት የሚያፈርስ አንድ ፍጥረት አለ። ይኸውም ካልሲው የተቀደደው ነው።

እሱን ለመለየት ካልሲውን ማየት አያስፈልግም። ምልክቱ ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ዙር «በጫማዎ ይግቡ» ሲባል «እሺ» ይላል። ቤቱ ጸጥ ይላል። እንዲህ ያለ መልስ ስላልተጠበቀ ባለቤቷ ቀጣይ ቃል የላትም። እሱም ጫማውን እንዳደረገ ነጩ ሴራሚክ ላይ ይገባል፤ ከኋላው የሚቀረውን ዱካ ዞሮ አያይም፣ ሌላው ሰው ሁሉ ያይለታል። ሰውየው ባለጌ አይደለም። እንዲያውም ከሁሉም እንግዶች በላይ እያፈረ ያለው እሱ ነው። ባለጌ መባልና አውራ ጣቱ መታየት ቀርበውለት የመጀመሪያውን መርጧል።

ካልሲው የተቀደደ ሰው እንደ ቀዳዳው ሥፍራ በሦስት ይከፈላል። ተረከዙ ላይ የተቀደደበት ዕድለኛ ነው፤ ግድግዳ ተጠግቶ ከሄደ አይታወቅበትም፤ በሩን ሲወጣ ብቻ ይጋለጣል፣ ያኔ ደግሞ ምሳው ተበልቷል። አውራ ጣቱ ላይ የተቀደደበት በጣም የተለመደው ነው፤ ችግሩም ፊት ለፊት ነው፤ ሰው ሰላም ሲለው ዓይን ዓይኑን ሳይሆን እግር እግሩን የሚያየው ይመስለዋል፣ በእርግጥም ያየዋል። ሦስተኛው ካልሲው ከቁርጭምጭሚት በላይ ሙሉ፣ ከዚያ በታች ግን ትዝታ ብቻ የሆነበት ነው። ይህ ሰው ጫማውን እንደሚያወልቅ በሕልሙም አላሰበም።

ተገደው ያወለቁት የሚጠቀሙበት ዘዴ በጥንቃቄ ሊጠና ይገባዋል። ጀማሪዎች እግር በእግር ላይ ደርበው ይቆማሉ፤ ወለሉ አሁን ተወልውሎ ከሆነ በአንድ እግር መቆሙ የሚያስከትለውን ከላይ ገልጸናል። መካከለኞቹ ካልሲውን ወደ ፊት ስበው ትርፉን ከጣታቸው ሥር ያጥፉታል፤ የካልሲው ተረከዝ የእግራቸው መካከል ላይ ይቆማል፤ ጣታቸውን ጨብጠው ስለሚራመዱ ቤተሰቡ «እግርዎን ምን ነካዎት?» ብሎ ይጨነቃል፤ እነሱም «ቁርጥማት ነው» ይላሉ። ቁርጥማቱ እስከ መጨረሻው ጉብኝት ይቆያል፤ ወጌሻ ይጠቆማል፤ የወጌሻው አድራሻ በወረቀት ይጻፍላቸዋል። የተካኑት ግን ደጃፍ ላይ ጫማውንም ካልሲውንም በአንድ እጅ መንትፈው፣ ካልሲውን ጫማው ውስጥ ወትፈው፣ «ኧረ ሙቀቱ!» እያሉ በባዶ እግራቸው ይገባሉ። ሐራ ቆላ ስለሆነች ይህ ማመካኛ ይሠራል፤ ሴራሚኩም ቀዝቃዛ ነው፣ ደስ ይላቸዋል። ላሊበላ ደጋ ላይ ግን አይሠራም፤ እዚያ የካልሲ ቀዳዳ በእውነት መውጫ የሌለው ችግር ነው። ሐራም ላይ ቢሆን ባዶ እግር እርጥብ ሴራሚክ ላይ አምስት ጣት ከነተረከዙ አትሞ ይሄዳል፤ ሰውየው ሊደብቃት የነበረችው አውራ ጣት ከደጃፍ እስከ ሶፋ በተርታ ትነበባለች።

በአንጻሩ ካልሲው ያልተቀደደ ኩሩ እንግዳም አለ። እሱ በልበ ሙሉነት እርጥቡን ወለል ይረግጣል፤ ካልሲው ውሃውን ይጠጣል፤ እሱም በረካ እስኪጠጣ ድረስ እግሩ እንደራሰ ይቀመጣል፤ ጉንፋኑን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በር ሥር የተቀመጡት የቤት ጫማዎች ሊረዱት አይችሉም። አንዱ የልጅ ነው፣ የቀሩት ሁለቱ ሁለቱም የግራ ናቸው። የቀኙ የት እንደሚሄድ የጠየቅናቸው ቤቶች ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ።

ጥናቱ ከዚህ በኋላ ስለ ደረጃ፣ ስለ በረንዳና ስለ መታጠቢያ ቤት ወለል እንዲቀጥል ታስቦ፣ እያንዳንዱም በሰባት ንዑስ ምድብ ተከፍሎ ነበር። ይሁንና ለመስክ ምልከታ ሰው የበዛበት ቤት ገብተን፣ ማስታወሻችንን ጨርሰን ስንወጣ፣ ደጃፉ ላይ የተከመረው ጫማ አንሶ የራሳችን ከውስጡ ጠፍቶ አገኘነው። ስለሆነም ቀሪው ክፍል ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል። ቁጥር 41 ቡኒ የቆዳ ጫማ፣ የቀኙ ማሰሪያ ተበጥሶ የተቋጠረ፣ በስህተት አድርጎ የሄደ ሰው በእጃችን ያለውን ቁጥር 43 ጥቁር ጫማውን መጥቶ ይውሰድ። እኛ ሄደን መረከብ አንችልም። በካልሲ መንገድ ላይ መውጣት ነበረብን፤ ካልሲውን ደግሞ አንባቢ ባይጠይቀን እንመርጣለን።