ነገር ድሮ ቀረ

እናንተ ጉልበታችሁን እያሻችሁ «ዘንድሮ ደግሞ ምን ያሰሙን ይሆን» የምትሉ የዘመን ጓደኞቼ፣ እስቲ ስሙኝ። ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንዲት ነገር ጣል ማድረግ የማይችልበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። የልጅ ልጄ ጂማት ለሚባል የፈረንጅ ፈተና እየተዘጋጀች ነው። ጥሩ ውጤት ከመጣላት ባሕር ማዶ ተሻግራ ሁለተኛ ዲግሪዋን በቢዝነስ ትማራለች። ትማር፤ መማር መቼ ጠላሁ። ጉዱ ያለው ክሪቲካል ሪዝኒንግ የሚሉት ክፍል ላይ ነው። አንዲት አጭር አንቀጽ ትሰጣለች፤ የጻፋት ሰውዬ መጨረሻ ላይ «ስለዚህ» ብሎ ይደመድማል፤ ከሥር አምስት ምርጫ ይደረደራል። የትኛው ሙግቱን ያዳክመዋል? የትኛው ያጠናክረዋል? ሰውዬው ሳይናገር በልቡ የተማመነበት ግምት የትኛው ነው? ልብ በሉ እንግዲህ፣ ሰው በተናገረው መጠየቁ አልበቃ ብሎ ባልተናገረውም ይጠየቅ ጀመር!

በቀደም አንዱን ጥያቄ ጮክ ብላ ስታነብ ሰማሁ። አንድ ከተማ የመንገድ መብራት ጨመረ፤ በዓመቱ የመኪና አደጋ ቀነሰ፤ ስለዚህ አደጋውን የቀነሰው መብራቱ ነው ይላል። «ታዲያ ይኼ ምን ጥያቄ አለው፣ እውነቱን ነው» አልኳት።

«አባባ፣ በዚያው ዓመት ነዳጅ ተወዶ መኪኖቹ ቆመው ቢሆንስ?»

«ቆመው ቢሆን ኖሮ ይጻፍ ነበራ!»

«ተጽፏል እኮ፤ ምርጫ ሲ ላይ።»

እኔ ምርጫ እስኪነበብ ድረስ አፌን ይዤ የምጠብቅ ሰው ነኝ? በእኛ ጊዜ ታላቅ ሰው አንዴ ከተናገረ ነገሩ አበቃ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቴ ችሎት ሆኗል። ጉንፋን ይዟት ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣኋት፤ በሳምንቱ ለቀቃት። ማመስገን ሲገባት «ያለ ዳማከሴስ ስንት ቀን ይቆያል?» ብላ ታፋጥጠኛለች። ሳምንት ነዋ! ይኼን ማን ያጣዋል? ድሮ ሰው ንጹሕ ቅቤ እየበላ፣ ሐኪም ቤት ሳይረግጥ መቶ ዓመት ይኖር እንደነበረ ስነግራት ደግሞ «የሚያወሩልን የተረፉት ናቸው እኮ፤ በልጅነታቸው የሞቱት መጥተው አልመሰከሩም» አለችኝ። የሞተ ሰው እንዴት ብሎ ይመስክር? ከወንድሞቼ መካከል ያደግነው ሁለት ብቻ ነን፤ ሁለታችንም ይኸው ብረት ነን። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ሙግት ማለትማ የእኛ ነበር። አባቴ እጄን ይዞ ዳኛ የተቀመጠበት ዋርካ ሥር ይወስደኝ ነበር። ከሳሽ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን እየነቀነቀ «ተጠየቅ!» ሲል ተከሳሽ ይመልሳል፤ «በላ ልበልሃ!» ተባብለው ቤት እየመቱ፣ እየተረቱ፣ እየተወራረፉ ሲሟገቱ ዛፉ ላይ ያለው ወፍ እንኳ ዝም ይል ነበር። ተሟጋቹ በነገሩ ከተማመነ በበቅሎ ይወራረዳል፣ በማር ይወራረዳል። የተረታው ያስያዘውን ይከፍላል፤ ብዙውን ጊዜም ለዳኛው ነው የሚገባው፤ ለዚህ ነው ዳኞቻችን እንዲያ አጥብቀው ያዳምጡ የነበረው። የዛሬዎቹ በወር ደመወዝ ምን ትጋት ይኖራቸዋል?

ጊዜም አይጎድልም ነበር። የርስት ሙግት ከአያት ጀምሮ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ ልጅ ከመሬቱ ጋር ነገሩንም ይወርሳል። ይህችን ግን 23 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ጨርሺ ይሏታል፤ ያውም ረጅም ምንባቡ ከዚያው ውስጥ ነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ እንኳን ሙግት ሊመረመር እኔ መነጽሬን አላገኝም።

ማስረጃም ቢሆን ያኔ ጥርት ያለ ነበር። ሌባ ሲጠፋ ሌባ ሻይ ይጠራል፤ ብላቴናው መድኃኒቱን ይወስድና ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሄዶ የተዘረረበት ቤት ጌታ ሌባ ነው። አለቀ፤ አምስት ምርጫ የለ፣ «ብላቴናው ደክሞት ቢሆንስ» የሚል የለ። ይህን ሳጫውታት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችኝ። የገባት መሰለኝ።

ነገሩ የትናንት ፈሊጥ ነው ብዬ ብነቅፈው «አባባ፣ ጂማት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1954 ነው የተጀመረው» ትለኛለች። እኔ ያኔ ተወልጄ ነበር፤ ከእኔ በኋላ የመጣ ነገር አዲስ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ኮምፒዩተሩ ደግሞ ክፉ ነው፤ በትክክል ስትመልስ የሚቀጥለውን ያከብድባታል፤ ስትሳሳት ያቀልላታል። ጎበዝ የሚቀጣበት፣ ሰነፍ የሚታዘንለት ፈተና ከዚህ በፊት ሰምታችኋል? ያለፈውን ጥያቄ ተመልሳ ብታይ እንኳ በአንድ ክፍል ውስጥ መቀየር የምትችለው መልስ ሦስት ብቻ ነው። ውጤቱ ከ205 ይጀምርና 805 ላይ ያበቃል፤ ሁሉም ቁጥር መጨረሻው አምስት ነው። እኛ ከመቶ ነበር የምንታረመው። የእኔ መምህር ደግሞ «መቶው የእግዚአብሔር፣ ዘጠና ዘጠኙ የእኔ ነው» እያለ ከዘጠና ስምንት በላይ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ፍትሐዊ ሰው ዛሬ በፋኖስም አይገኝ።

ደግሞ «የእኔ ልጅ ውጭ አትሄድም» ብላችሁ አትዝናኑ፤ አሁንማ እዚሁ አገር ቤትም ለሁለተኛ ዲግሪ ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና አለ። ጣጣው እናንተም ቤት ይመጣል።

ከሁሉ ያንገበገበኝን ግን ልንገራችሁ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በ30 ደቂቃ አንድ የተንጋደደ ሙግት እየመረመሩ የሚጽፉት ድርሰት ነበረ፤ ማስረጃው የቱ ጋ እንደሳሳ፣ መደምደሚያው ከመነሻው የቱ ጋ እንደተላቀቀ በራስ ቃል እየዘረዘሩ። በ2023 መጨረሻ የወጣው አዲሱ ጂማት ጣለው! ጂአርኢ የሚባለው ዘመዱም በዚያው ዓመት የራሱን ጥሎ፣ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጅ የነበረውን ፈተና ወደ 2 ሰዓት ያልሞላ አወረደው። ይኼ ስንፍና አይደለም? የሰውን ነገር ከሥሩ አገላብጦ መፈተሽን የመሰለ የጨዋ ሙያ እንዴት ይጣላል? ድርሰቱን ከሰው ጋር ማሽንም ያርመው ነበር አሉ፤ እሱስ ቢቀር ግድ የለኝም። ልጅ ግን ቁጭ ብሎ የሰውን ሙግት መበለት ካልተማረ ነገ ማን ተነሥቶ «ያልከው አይከተልም» ይበል? ይህንን ስናገር የልጅ ልጄ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ምን እንዳሳቃት አልነገረችኝም።

ፈተናውን ቤት ሆና ልትወስደው ነው መሰለኝ፤ ይህም ይቻላል አሉ። ካሜራው ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ ያያል፤ ሌላ ሰው ከገባ ፈተናው ይሰረዛል። ስለዚህ የዚያን ቀን እኔ፣ ይህን ቤት ብሎኬት በብሎኬት ያቆምኩት ሰውዬ፣ ደጅ ልቀመጥ ነው። ሳል ቢመጣብኝስ? ይኼንንም ከምርጫዎቹ ውስጥ ይፈልጉት እንደሆነ እንጃ።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሌሊት መብራቷን ላጠፋላት ስገባ መጽሐፏ ተከፍቶ አገኘዋለሁ፤ ክፍት መጽሐፍ ደግሞ አይታለፍም። እዚያ ውስጥ ስለ አንድ ዳቦ ቤት የሚያወራ ጥያቄ አለ፤ ዋጋ ጨምሮ ሳለ ሽያጩ ለምን እንዳደገ ይጠይቃል። መልሱ ዲ ነው ይላል። ስሕተት ነው፤ ቢ ነው። ዲ እኮ የሚያስረዳው የዱቄቱን ነገር ብቻ ነው፤ ደንበኛው ከየት እንደመጣ አይነግረንም። ምክንያቴን በአራት ገጽ ጽፌ፣ ፈርሜበት፣ ከትራሴ ሥር አኑሬዋለሁ። መጽሐፉን ያሳተሙትን ሰዎች የምታውቁ ካላችሁ አገናኙኝ፤ በበቅሎ እወራረዳለሁ።