የአልጋ ቤት ክፍል እንደ ታሪክ መዝገብ፦ በሀዋሳ ሐይቅ ዳር የተካሄደ ጥናት

መነሻ

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም። ሕዝቡ ግን ቅዳሜና እሑድ ውሃ ዳር ሄዶ ዓሣ የመብላት መብቱን ከምጽዋና ከአሰብ ጋር አብሮ አላስረከበም፤ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አዛውሮታል። በሐይቆቹ ዳር ካሉት ከተሞች ስሟ ጎልቶ የሚነሣው ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሀዋሳ ናት። ኪሱ የፈቀደለት ጎብኚ ሐይቁን ከነፒጃማው በረንዳ ላይ ቆሞ የሚያይበት ሪዞርት ይገባል። ስለ ሪዞርቶቹ በቂ የሰርግ ፎቶግራፍ ስላለ ይህ ጥናት አይነካቸውም። ትኩረቱ ፔንሲዮን ወይም አልጋ ቤት በሚባለው ተቋም ላይ ነው።

የጥናቱ መላ ምት አጭር ነው፦ የአልጋ ቤት ክፍል የሚሰናዳው ለሚገባው እንግዳ ሳይሆን ለወጣው ነው። በክፍሉ ያለው ዕቃ ሁሉ፣ የሌለውም ጭምር፣ ከዚህ በፊት አንድ ሰው ላደረገው ነገር የተሰጠ መልስ ነው።

የጥናቱ ዘዴ

አጥኚው እንግዳ መስሎ ገብቷል። መታወቂያውን አስመዝግቦ ሒሳቡን በቅድሚያ ከፍሏል። ቅድሚያ ክፍያው ራሱ፣ ሳይከፍል በሌሊት ውልቅ ያለ ሰው እንደነበረ ስለሚጠቁም እንደ መጀመሪያ መረጃ ተይዟል። ምልከታው በአመዛኙ የተካሄደው በጀርባ ተኝቶ ነው፤ በክፍሉ ያለችው አንዲት የፕላስቲክ ወንበር ቴሌቪዥኑን ተሸክማለችና።

ስለ ርቀትና ስለ ስም

አልጋ ቤቱ ከሐይቁ በራቀ መጠን ስሙ ወደ ሐይቁ ይጠጋል። ውሃው አፍ ላይ ያለ ቤት በባለቤቱ ወይም በልጁ ስም ቢጠራ ግድ የለውም፤ ሐይቅ የሚል ቃል ታፔላው ላይ በትልቁ የሚያስጽፈው ወደ ሐይቁ ለመሄድ ባጃጅ የሚያስፈልገው ነው። «ሐይቁ የት ነው?» ተብላ የተጠየቀች ሪሴፕሽኒስት «እዚሁ ነው፣ ጋሼ» ብላ በእጇ አቅጣጫ ትጠቁማለች። አቅጣጫው ትክክል ነው። ውሃ ይታይበታል የተባለው መስኮት ሲከፈት የጎረቤቱ ሮቶ ፊት ለፊት ተገኝቷል፤ ስለዚህ አባባሉን ሐሰት ማለት አይቻልም።

ስለ ነጠላ ጫማ

በሻወሩ ደጃፍ የሚቀመጠው ነጠላ ጫማ ሁለቱም የግራ ነው፤ አንደኛው ሰማያዊ ሌላኛው ቡኒ ሲሆን የሁለቱም ተረከዝ በቢላዋ ተቆርጧል። ላዩን ላየው ድህነት ይመስላል። ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን የረቀቀ የጥበቃ ሥርዓት ነው። የገጠመ ጥንድ ጫማ ከእንግዳው ጋር ሻሸመኔ ይደርሳል። ያልገጠመው ግን ከዚህ ክፍል ውጪ አገር የለውም። የቁልፉም ነገር እንዲሁ ነው፤ ክንድ በሚያህል እንጨት ላይ የታሰረው ቁልፉ ስለሚጠፋ ሳይሆን፣ በኪሱ ይዞት አዲስ አበባ የገባ ሰው ስለነበረ ነው። ሪሞቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሪሴፕሽን የሚያድረውም በተመሳሳይ ምክንያት መሆኑ ይገመታል።

ስለ ግድግዳ ጽሑፎች

ማንም ሰው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተደረገን ነገር በወረቀት ጽፎ አይከለክልም። በዚህ መርሕ መሠረት የበሩ ጀርባ የቤቱ ዜና መዋዕል ነው። «በአንሶላ ጫማ መጥረግ ክልክል ነው» የሚለው፣ ጫማው አቧራ የለበሰ ግን ክብሩን የሚጠብቅ ሰው እዚህ ማደሩን ያረጋግጣል። «ልብስ ማጠብ ክልክል ነው» የሚለው የአንድ ቤተሰብ ሥራ ይመስላል። «ጥሬ ዓሣ ይዞ መግባት ፈጽሞ ክልክል ነው!» የሚለው ደግሞ የሐይቅ ዳር ልዩ ቅርስ ነው። ምንጩ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል መሆኑ አያጠራጥርም፤ እዚያ ጠዋት ጠዋት ቆሮሶው ከጀልባ ሲወርድና ሲበለት፣ አባ ኮዳ ሆድ ዕቃውን ሲጠብቅ ያየ የከተማ ሰው፣ ለቤተሰቡ በፌስታል ሳይዝ መመለስ ይከብደዋል።

የጽሑፎቹን ዕድሜ በአጻጻፋቸው መለየት ይቻላል። የጥንቶቹ በኮምፒውተር ተጽፈው «ክቡር እንግዳችን» ብለው ይጀምራሉ። የመካከለኛው ዘመን በእስክሪብቶ ነው፤ ክቡር የሚለው ቀርቷል። የቅርቦቹ በማርከር ግድግዳው ላይ የተጻፉ ሲሆን ቃለ አጋኖ እንጂ ሰላምታ የላቸውም። ዓሣው ከቅርቦቹ ነው።

ስለ ሙቅ ውሃ

ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ንጋቷ ይቀዘቅዛል፤ ሙቅ ውሃ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። የተመዘገበው ቃለ መጠይቅ የሚከተለው ነው።

ማታ፦
«ሙቅ ውሃ አለ?»
«አለ። ጠዋት ነው የሚመጣው።»

ጠዋት፦
«ሙቅ ውሃው?»
«ውይ ጋሼ! ማታ እኮ ነበር።»

ሁለቱን መልሶች ስናስታርቅ ሙቅ ውሃው እንግዳው በተኛበት ሰዓት መጥቶ መሄዱን እንረዳለን። የማሞቂያው ማብሪያ በክፍሉ ውስጥ የለም፤ ሪሴፕሽን ጀርባ ነው። እዚያ የተወሰደው ከላይ በተጠቀሰው ልብስ አጣቢ ቤተሰብ ምክንያት እንደሆነ ዘበኛው በቁጭት አስረድተዋል።

መላ ምቱን የሚፈትኑ ግኝቶች

አንደኛው ኮንዶሙ ነው። በኮመዲኖው መሳቢያ፣ ያለ ክፍያና ያለ ማስታወቂያ ተቀምጧል። በክፍሉ ካለው ዕቃ ሁሉ ስለሚመጣው እንግዳ ያሰበው እሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው አጎበሩ ነው። ከ2,000 ሜትር በታች ያለ አገር ወባ ስለሚያሰጋው አጎበር ተሰቅሏል፤ ቀዳዳ አለው። ይሁን እንጂ ቀዳዳው ሁሉ ተቋጥሯል፦ አንዱ በክር፣ አንዱ በፀጉር ላስቲክ፣ አንዱ በሲም ካርድ ማሸጊያ። ይህን ያደረገው ባለቤቱ አይደለም፤ እሱ ቀዳዳ መኖሩን አይቀበልም። የቋጠሩት በየተራ ያደሩ እንግዶች ናቸው። በበሩ ጀርባ የተከሰሱት ሰዎች፣ ስማቸውን ሳይጽፉ ለማያውቁት ሰው የሠሩት ሥራ ይህ ነው። ባለጫማውም ከቋጣሪዎቹ አንዱ ላለመሆኑ ማስረጃ የለም።

ሦስተኛው የበዓል ሰሞን ነው። ታኅሣሥ 19 ለሀዋሳ ገብርኤል ክብረ በዓል፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ጉዱማሌ ላይ ለሚከበረው ፊቼ ጨምበላላ ሕዝብ ሲጎርፍ፣ አልጋ ቤቱ ያለፈውን ሁሉ ይረሳል። ኮሪደር ላይ ፍራሽ ይዘረጋል፤ አንሶላ ስለማይዳረስ በአንሶላ የሚጠረግ ጫማ አይኖርም። ይቅርታ ከገበያ ጋር ያለው ዝምድና ሰፋ ያለ ጥናት ይሻል።

ምክረ ሐሳብ

መንግሥት ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ተባብሮ በ2015 እ.ኤ.አ. ለሆቴሎች ኮከብ ሲሰጥ አልጋ ቤቶች ሰማዩን አንጋጠው ከማየት በቀር ያገኙት የለም። ኮከብ ለሌለው ቤት በበሩ ጀርባ ያለው ክልከላ ተቆጥሮ ደረጃ እንዲሰጠው ይመከራል፤ ብዙ የከለከለ ብዙ ሰው አስተናግዷል። እንግዶችም ከመተኛታቸው በፊት በሩን ቢያነቡ፣ ቀጥሎም ክር ቢይዙ መልካም ነው።

ጥናቱ ጣሪያውን ሳይዳስስ የተቋረጠው 6 ሰዓት ስለሆነ ነው። «ከ6 ሰዓት በኋላ በሐሳብም ሆነ በሌላ ምክንያት የሚቆይ የግማሽ ቀን ይከፍላል!» የሚል ጽሑፍ በማርከር ተጽፎ ይገኛል። በሐሳብ የቆየው ሰው ማንነት ለቀጣይ ተመራማሪዎች ክፍት ነው፤ ቅድሚያ ይከፍላሉ።