ዳለቻና የአመዱ መዝገብ

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

በድሮ ጊዜ ከጮቄ ተራራ ግርጌ እንስሳት ብቻቸውን የሚኖሩበት አንድ መንደር ነበር። ዳኛው አባ ኤሊ፣ ጸሐፊዋ ጦጢት፣ ጥፋተኛ የሚይዙት ደግሞ ውሾች ነበሩ። በዚያ መንደር ዳለቻ የሚባል በሬ ይኖር ነበር። ዳለቻ ጧት ጧት ከኩይሳው ሥር ቆሞ ቀንዱን ይስላል፤ ግራውን ሲጨርስ ቀኙን ይቀጥላል፤ ጫፉ ቀይ አፈር እስኪለብስ ድረስ። ያየው ሁሉ «ራሱን በልቶት ነው» ብሎ ያልፋል።

አንድ ቀን ዳለቻ ምንጭ የወረደችውን እመት ፍየልን ጎኗን ወጋት። ውሾቹ ይዘው አባ ኤሊ ፊት አቆሙት።

«ቀንድህ ላይ ያለው ቀይ ነገር ምንድን ነው?» አሉት አባ ኤሊ።

«አፈር ነው፣ ጌታዬ።»

አባ ኤሊ አንገታቸውን አውጥተው አዩ፤ እውነትም አፈር አለበት። ከአፈሩ በታች ያለውን ለማየት ግን አንገታቸው አልደረሰም። በጎች ለሽምግልና ተቀመጡና «የመጀመሪያው ነው፤ እርቅ ይሻላል» አሉ። ዳለቻም በወጉ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ለመነ። ካሳው አንድ ሸክም ድርቆሽ ተባለ። ዳለቻ ድርቆሽ ስላልነበረው መንደሩ አዋጣለት፤ እመት ፍየልም የድርሻዋን አዋጣች።

ጦጢት ነገሩን መዝገብ ላይ አሰፈረች። መዝገቡ አመድ ነበር። በጅራቷ ትደለድልና በጣቷ ትጽፍበታለች፤ ሐምሌ ሲገባ ጎርፍ ይወስደዋል፤ መስከረም ሲጠባ አዲስ አመድ ይፈሳል።

ጥቅምት ላይ ዳለቻ አህያን ወጋ። አባ ኤሊ «መዝገቡ ምን ይላል?» ቢሉ፣ ጦጢት ጎንበስ ብላ አየች። አመዱ ንጹሕ ነው። «የመጀመሪያው ነው» አለች። እመት ፍየል ጠባሳዋን ልታሳይ ብትነሣ «አንቺ በዚህ ጉዳይ ባለጉዳይ አይደለሽም» ተባለች። ከማዶ ካለው ደብር ጣሪያ ላይ የምትኖረው ርግብ፣ መጽሐፍ ሲነበብ እየሰማች ያደገች ናትና፣ «ኦሪት እኮ ወጊነቱ አስቀድሞ ታውቆ ባለቤቱም የተነገረውን በሬ ለብቻው ያየዋል» አለች።

«እሱ ባለቤት ላለው በሬ ነው፤ ዳለቻ የማንም አይደለም» አሏት አባ ኤሊ።

ዘጠኝ ወር በረት ተፈረደበት። በረቱ ውስጥ ብቻውን ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ማንንም አልወጋም። ውሾቹም «ጠባዩ ታርሟል» ብለው መሰከሩ፤ ከሦስት እጅ ሁለቱን ስለጨረሰም በአመክሮ ወጣ። በማግስቱ ጧት ከኩይሳው ሥር ታየ።

ክረምቱን ለምለም ሣር ሲግጥ ከረመ፤ መስከረም ላይ አንድ ጠቦት ገደለ። ጦጢት አየችና «የመጀመሪያው ነው፤ ግን ከበድ ይላል» አለች። አምስት ዓመት ተፈረደበት። በዚያው ሰሞን አንድ ጥጃ ያለ ፈቃድ ከአውድማ ጭድ ሲበላ ተይዞ ነበርና፣ ሌላ በረት ስለሌለ ከዳለቻ ጋር አስገቡት። ጥጃው ሲገባ ግንባሩ ላይ የነበረው ጉጥ ብቻ ነው። ሌሊት ሌሊት ከበረቱ ግንብ አንድ ነገር ሲፋቅ ይሰማል፤ ውሾቹ «አይጥ ነው» ይሉ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ድርቆሽ አጠረ። ለእንቁጣጣሽ ይቅርታ ይደረግ ተባለ። ማን ይቅደም የሚል ክርክር ተነሣ፤ ከብዙ ውይይት በኋላ ብዙ የሚበላው ይቅደም ተብሎ ተወሰነ። ዳለቻ ወጣ፤ ጥጃውም ተከተለው። ከዚያ ጧት ጀምሮ ከኩይሳው ሥር ሁለት ሆነው ይቆሙ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ይህን አይተው «እንኳን ሥራ አልፈቱ» አሉ።

ሳምንት ሳይሞላ በቅሎ ተወግታ ሞተች። አሁን መንደሩ ተቆጣ። «ቀንድ ያለው ሁሉ ይቆረጥ!» የሚል ጩኸት ከዳር ዳር ተሰማ፤ በዚያው ቀንም አዋጅ ወጣ። ማንንም ወግተው የማያውቁ ላሞች ተሰልፈው ተቆረጡ። በጎች ተቆረጡ። እመት ፍየል ጠባሳዋን እያሳየች ብትለምንም ተቆረጠች። ቀንድ አውጣ እንኳ በስሙ ተጠርቶ ቀረበ። የዳለቻ ተራ ሲደርስ ጦጢት እጇን አነሣች።

«የእሱ አይነካም። የበቅሎዋ ጉዳይ ገና በቀጠሮ ላይ ነው፤ ቀንዱ ኤግዚቢት ነው።»

የጥጃውም አብሮ ተመዘገበ።

ቀንድ የሌለው መንደር ሌሊት መተኛት አቃተው። ወደ አባ ኤሊ ሄደው አቤት አሉ። አባ ኤሊ ሦስት ቀን አሰቡ፤ (ለእሳቸው ይህ ጥድፊያ ነው) በአራተኛው ቀን «ከመንደራችን ጠንካራ በር ያለው የትኛው ቤት ነው?» ብለው ጠየቁ። በረቱ ነበር። እንግዲያው የተወጋና እንዳይወጋ የሚሠጋ ሁሉ ለደኅንነቱ በረት ይግባ ተባለ። እመት ፍየል፣ አህያ፣ የጠቦቱ እናትና ላሞቹ ገቡ። ዘበኛ ሲፈለግ በረቱን ከውስጥ የሚያውቅ፣ ቀንድም ያለው ከዳለቻ ሌላ አልተገኘም። ደመወዙ ውስጥ ካሉት ድርቆሽ እንዲቆረጥ ተስማሙ።

እመት ፍየል በበሩ ስንጥቅ አፏን አውጥታ «አባ ኤሊ፣ እኛስ መቼ ነው የምንወጣው?» አለች።

«ከሦስት እጅ ሁለቱን ስትጨርሱ፣ ጠባያችሁ ታይቶ።»

«ጠባያችንን የሚመሰክረው ማነው?»

«ዘበኛው ነዋ» አሉ አባ ኤሊ።