ከቦሌ እስከ ቢሾፍቱ፦ ለቡድን ግንባታ ጥበብ የቀረበ ውዳሴ

በቦሌ መድኃኔዓለም፣ በአትላስና በገርጂ ዙሪያ ባሉት ባለመስታወት ሕንፃዎች ውስጥ የተሰየሙት መሥሪያ ቤቶች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ታላቅ ምስጢር ደርሰውበታል፤ ይኸውም የሂሳብ ክፍሉና የሽያጭ ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ በደብዳቤ ሲካሰሱ ቢከርሙም፣ ሁለቱን አንድ ዓይነት ቲሸርት አልብሶ ሐይቅ ዳር ገመድ ማጓተት ጠቡን ከሥሩ እንደሚነቅለው ነው። ጥበቡ በመሥሪያ ቤቶቹ አነጋገር «ቲም ቢልዲንግ»፣ ጠርቀም ያለ በጀት ሲመደብለት ደግሞ «ሪትሪት» ይባላል፤ ሠራተኞችን ከሥራ ቦታቸው አውጥቶ፣ ከሥራቸው ጋር ዝምድና የሌለው ጨዋታ በማጫወት፣ ሥራቸውን ተባብረው እንዲሠሩ የሚያደርግ የአስተዳደር ዘዴ ማለት ነው።

የጥበቡ የዘር ሐረግ ክቡር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1941፣ በጀርመን የተወለደው የትምህርት ሰው ኩርት ሃን እና የመርከብ ኩባንያ ባለቤቱ ሎረንስ ሆልት በዌልስ የባሕር ዳርቻ «አውትዋርድ ባውንድ» የተባለውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ አንዱ ዓላማቸው መርከባቸው በቶርፒዶ ተመትቶ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የሚቀሩ ወጣት መርከበኞች ተስፋ ሳይቆርጡ፣ እርስ በርስም ተደጋግፈው በሕይወት እንዲቆዩ ማሠልጠን ነበር። ከአትላንቲክ ማዕበል ለመትረፍ የታሰበው ይህ ሥልጠና ዘመናትን ተሻግሮ ከቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር ሲደርስ፣ ሠልጣኙን የሚያሰጋው አደጋ ወረፋው ሳይደርሰው የምሳው ቡፌ ማለቁ ብቻ ሆኖ መገኘቱ የሰው ልጅ ምን ያህል እንደ ሠለጠነ ያሳያል።

ጥበቡ በአገር ውስጥም ቀዳሚዎች አላጣም። ኢትዮጵያ መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥን፣ የውጤት ተኮር ምዘናን፣ በ2004 ዓ.ም. የራሱ ኢንስቲትዩት የተቋቋመለትን የጃፓኖቹን ካይዘን፣ እንዲሁም ሠራተኞችን በትንንሽ ቡድን አሰልፎ ለአንድ መሪ ያስረከበውን የአንድ ለአምስት አደረጃጀት በየተራ ሞክራለች። ሁሉም ግን አንድ የጋራ ጉድለት ነበረባቸው፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ፣ ስለ ሥራው መነጋገርን ይጠይቁ ነበር። የቡድን ግንባታ ይህን ሸክም አውርዶታል።

ሥነ ሥርዓቱ የሚጀመረው ቅዳሜ ወይም እሑድ ማለዳ፣ ኮስተሮቹ ከቦሌ ተነሥተው የፈጣኑን መንገድ ሲይዙ ነው። ከቦታው ሲደረስ ባነር ይሰቀላል፤ ቀጥሎም አመቻች፣ ማለትም ከሠራተኞቹም ሆነ ከሥራቸው ጋር ትውውቅ የሌለውና ይህንን ጉድለቱን በማይክሮፎን የሚያካክስ ባለሙያ፣ አዋቂዎቹን አስጨብጭቦ በክብ ያቆማቸዋል። እንቁላል በማንኪያ ይዞ መሮጥ ጥንቃቄን ያስተምራል፤ በጆንያ ውስጥ መዝለል ጽናትን ያስተምራል፤ ከጥሬ ፓስታና ከፕላስተር ግንብ ማቆም ደግሞ አመራርን ያስተምራል ተብሎ ይታመናል። ከሁሉም የረቀቀው ግን ዓይንን ጨፍኖ ወደ ኋላ እየወደቁ በባልደረባ እጅ የመያዝ ልምምድ ነው፤ የደረጃ ዕድገት በምን መስፈርት እንደሚሰጥ አንድም ቀን ተነግሮት የማያውቅ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ ላይ ያለው እምነት ከዚያች ከሰዓት በኋላ ጀምሮ በጀርባው በኩል ይገባለታል።

ስለ ገመድ ጉተታው ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። የቀደመው ሰው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲል፣ በዚያች ዕለት የሎሌው በትር የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው እንኳ ቂም እንደማይያዝ፣ ማዕረግ ከሜዳው ውጭ እንደሚቀር መደንገጉ ነበር። የዛሬው ጥበብ ይህንን ያልተጣራ ልማድ አርሞታል፤ ማዕረግ ከሜዳው አይወጣም፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ የያዙት የገመድ ጫፍም እንደ ምንም ብሎ ያሸንፋል። የተቃራኒው ቡድን እግር በደረቅ ሣር ላይ የሚያዳልጠው በጉልበት ማነስ አይደለም፤ ሰኞ የሚባል ቀን መኖሩን እግሩም ስለሚያውቅ ነው።

ጥበቡን ለመረዳት ዳተኛ ሆኖ የተገኘው ሕጉ ብቻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ በየሰባት ቀኑ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ያዛል፤ በሳምንት የዕረፍት ቀን የተሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራም በሁለት እጥፍ እንዲከፈል ይደነግጋል። እሑድ ዕለት ጆንያ ውስጥ ገብቶ መዝለል ሥራ ይሁን ዕረፍት ግን አዋጁ ለይቶ ስላልተናገረ፣ የሰው ሀብት ክፍሎች ክፍተቱን በብልኀት ሞልተውታል፤ የስም መቆጣጠሪያ ሲዞር ዕለቱ ሥራ ነው፣ ክፍያ ሲጠየቅ ግን መዝናኛ ነው። (የሥራ መሪዎች ከዚሁ አዋጅ ሽፋን ውጭ በመሆናቸው፣ በዕለቱ አንዳች የሕግ ሐሳብ ሳያስጨንቃቸው ሲደሰቱ ቢታዩ አይገርምም።)

ተመራማሪዎችም ቢሆኑ ደስታን የሚያውኩ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኤድዋርዶ ሳላስና ባልደረቦቹ ቀደም ሲል የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ የቡድን ግንባታ በጥቅሉ በሥራ ውጤት ላይ ጉልህ ለውጥ ማምጣቱን አላገኙም፤ ፍሬ ያሳየው ክፍል «ሚናን ማጥራት»፣ ማለትም ማን ምን እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚያስረክብና በምን እንደሚጠየቅ ተቀምጦ መለየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ተከታይ ጥናት ለዘዴው የተሻለ ፍርድ ቢሰጥም፣ ብልጫውን ለዚሁ ሚናን ለማጥራትና ግብን ለመወሰን ሰጥቶታል። እንዲህ ያለው ግኝት በቦሌ ሊወደድ አይችልም። ሚናን ለማጥራት አንድ ጠረጴዛና የሚያዳምጥ ኃላፊ ይበቃሉ፤ ሦስት ፕሮፎርማ አያሰበስብም፣ ባነር አያሠራም፣ ለፌስቡክ ገጽ የሚሆን ፎቶም አይወጣውም። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ሁለቱ ክፍሎች የተጣሉት በፍቅር ማነስ ሳይሆን አንድ ፊርማ ለሁለቱም በመሰጠቱ፣ ወይም የሦስት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ላይ በመከመሩ መሆኑ ሊገለጥ ይችላል፤ ይህም በገመድ የማይፈታ፣ በጀት የሚጠይቅ ጉዳይ ነው።

ጥበቡ የተመሠረተው ሠራተኛው መተባበርን አያውቅም በሚል ግምት ላይ መሆኑ እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። ይኸው አላዋቂ ሰው ማታ ወደ አያት ወይም ወደ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሲመለስ የእድር ጸሐፊ ሆኖ ይገኛል። ጎረቤት ሲሞት በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበሩን ማን እንደሚያወጣ፣ ሰሃኑን ማን ቆጥሮ እንደሚረከብ፣ የቀረ ሰው ስንት እንደሚቀጣ በመተዳደሪያ ደንቡ ተጽፏል፤ ሊቀመንበሩም በአባላት ድምፅ ተመርጦ በአባላት ድምፅ ይወርዳል፣ ሂሳቡንም በጉባኤ ፊት ያቀርባል። እንዲህ ያለ ማኅበር ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ድንኳን ተክሎ ስለማያውቅ፣ የትብብር ደረጃው በአመቻቾች ዘንድ ገና ዝቅተኛ ሆኖ መመዝገቡ አይቀርም።

በመዝጊያው ንግግር ላይ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኞቹን «እኛ ቤተሰብ ነን» ማለታቸው የተለመደ ነው። ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ የሕንፃው ጥበቃዎችና የጽዳት ሠራተኞች የማይቆጠሩት በክፋት አይደለም፤ በኤጀንሲ በኩል የተቀጠሩ በመሆናቸው ስማቸው ከኮስተሩ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፣ ቤተሰቡ ቤተሰብነትን ሊማር ሲሄድም ቤቱን የሚጠብቅ ሰው መቅረት አለበት። ፍትሕ ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ በልክ ስሕተት የተረፉት ቲሸርቶች ሰኞ ዕለት ለእነርሱ ይታደላሉ። ስለዚህም በቦሌ ሕንፃዎች ውስጥ «አንድ ቡድን፣ አንድ ልብ» የሚለውን ጽሑፍ ከደንብ ልብሷ ሥር ለብሳ ዓመቱን ሙሉ ደረጃ ስትወለውል የምትታየው፣ የቡድኑ አባል አለመሆኗ በውል የተጻፈላት የጽዳት ሠራተኛ ናት።