የዋርሳዬ ይቅርታ

ሸበጥ የጋራ ንብረት ነው ብሎ የደነገገው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል። በኛ ቤት የሁሉም ሰው ሸበጥ በር ላይ ተደርድሮ ያድራል፤ የባለቤቴ፣ የአማቴ፣ የልጆቹ። ወደ ጓሮ የሚወጣ እግር ሁሉ የሚገባው ግን የኔ ውስጥ ነው። የባሰው ዋርሳዬ ነው። ትምህርቱን ሊጨርስ ከገጠር መጥቶ እኛ ጋ የተቀመጠው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ 43 ቁጥር እግሩን 37 ቁጥር ሸበጤ ላይ ይጭንና ተረከዙን መሬት ለመሬት እየጎተተ ጓሮ ደርሶ ይመለሳል። የማክሰኝትን የክረምት ዋልካ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጭቃ ብቻ አይደለም፤ ገለባና ጠጠር እየሰበሰበ ይወፍርና ሸበጡን ባለ ታኮ ያደርገዋል። ሌሊት ለኪዳን ልነሣ ስል አንዱን በር ላይ፣ ሌላውን ከውሃ በርሜሉ ሥር ተገልብጦ አገኘዋለሁ። እግሬን ሳስገባ ቅዝቃዜው ማጅራቴ ድረስ ይወጣል።

ሸበጡስ ይሁን። የሚያንገበግበኝ ይቅርታው ነው።

«ይቅርታ እታለም!» ይላል፣ ገና አፌን ሳልከፍት። ድምፁ ማር ነው። አንዳንዴም ቸኩሎ ከሆነ መጀመሪያ ይቅርታውን ይልና ከዚያ ሸበጡን አድርጎ ይወጣል። ይቅርታ በቅድሚያ የሚከፈል ኪራይ መሆኑን ያስተማረኝ እሱ ነው። እንግዲህ ይቅርታ የተጠየቀ ሰው ምን ይላል? «ምንም አይደል» ነው መቼም። ትንሽ ዘግየት ካልኩ አማቴ መቁጠሪያቸውን ያቆማሉ። «አንቺ ታላቅ ነሽ፣ ቻይው» ይላሉ። ባለቤቴ በበኩሉ «ልጅ እኮ ነው» ይላል። ልጁ ጢም አለው። ስቅለት ዕለት ካህኑ በወይራ ጠብ ጠብ አድርገው ስግደት ሲሰጡት ከሩቅ አይቼ፣ ሸበጤን ተናዝዞ እንደሆነ ከስግደቱ ብዛት ልገምት ሞክሬአለሁ። ያን ያህል አልሰገደም።

በዚህ ፍልሰታ ደግሞ ባሰ። ሸበጤን ባጣው ኮንጎዬን አጥልቄ ቅዳሴ ሄድኩ። ደጀ ሰላሙ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ምን ባይ ጥሩ ነው? ከዚያ ሁሉ ጫማ መካከል የኔ ሸበጥ! ቀድሞኝ ተሳልሟል። እኔ ውስጥ ቆሜ ሐሳቤ ደጅ ቀረ። አባታችን ሆይ ሲደርስ ያቺ የምታስፈራው ቦታ መጣች፤ የምንማረው በምንምርበት ልክ ነው የምትለዋ። በየቀኑ እንላታለን፤ ውሉን ሳያነብ እንደሚፈርም ሰው ነን። ስንወጣ ሸበጤን ይዤ ልሂድ፣ እሱ በባዶ እግሩ ዋልካውን ይቅመሰው አልኩ። የራስን ንብረት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ማንሣት ሌብነት ነው ወይስ ፍትሕ? የንስሐ አባቴን ልጠይቃቸው አስቤ ተውኩት፤ ስግደቱን ለኔ ያደርጉታል። ምን እንዳደረግሁ አልነግራችሁም።

ደግሞ ወሩ ነሐሴ ነው። ነሐሴ 24 ሲባል ሰው ሁሉ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስባል፤ ለኛ ለጣና ዳር ሰዎች ግን የእናታችን የክርስቶስ ሠምራም ዕረፍት ነው። ትውልዷ ቡልጋ ነው፤ የ15ኛው መቶ ዘመን ጻድቅ ናት። ጓንጉት ገብታ፣ ባሕሩ ውስጥ ቆማ ስትጸልይ ስለኖረች ግን የኛ አድርገናታል። በረከቷ ይደርብኝና፣ በዚህች አገር ከተሞከሩት ሽምግልናዎች ሁሉ ትልቁን የሞከረች እርሷ ናት። እግዚአብሔርንና ዲያብሎስን ልታስታርቅ ተነሣች! እነሱ ከታረቁ የአዳም ልጅ ያርፋል ብላ ነው። አስቡት፤ እኛ ሁለት ጎረቤት በአጥር ሲጣላ «በሰው ጉዳይ አልገባም» እንላለን። በእግዚአብሔር በኩል እንቢታ አልነበረም፤ ቅዱስ ሚካኤልም አብሯት ሄደ። የከሸፈው በዚያኛው ወገን ነው። ዲያብሎስ መታረቁን አልፈልግም አለ፤ አልፎም እርሷኑ ይዞ ወደ ሲኦል ጎተታት። ሚካኤል ደርሶ አዳናት፤ ስትወጣም ብዙ ነፍሳት ይዛ ወጣች ይላል ገድሏ።

ይህን በሰማሁ ቁጥር ዋርሳዬ ትዝ ይለኛል። ዲያብሎስ አንዲት «ይቅርታ» ቢተነፍስ ኖሮ ነገሩ ያኔ ባለቀ። አልተነፈሰም። በዚህ በዚህ ዋርሳዬ ይበልጠዋል። ለዲያብሎስም ቢሆን ግን እውነቱን መስጠት ነው፤ ያላሰበውን ይቅርታ አልተናገረም።

ከገባሁ አይቀር፣ የዚህ ገድል ነገር ሌላም ጉድ አለው። የግዕዙን ጽሑፍ በ1956 እ.ኤ.አ. ለዓለም ሊቃውንት አሳትሞ ያወጣው ኤንሪኮ ቼሩሊ ነው። ትልቅ ሊቅ ነው፤ ማንም አይክደውም። ይኸው ሰው ግን ፋሽስት ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ የምሥራቅ አፍሪካ ግዛቷ ምክትል ገዥ ነበር፤ ኢትዮጵያም በጦር ወንጀል ይጠየቅልኝ ብላ ነበር። አልተጠየቀም። ዲያብሎስ ይማር ብላ የለመነችውን የእናታችንን ገድል እሱ ማሳተሙን ሳስብ፣ ሰውየው እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አቁሞ ይሆን እላለሁ። ይህን ለአማቴ ባነሣላቸው «መጽሐፉን ካሳተመ እግዜር ይማረው» ብለው ጨረሱት። እሳቸው ጣሊያንን በዚህ ፍጥነት ከማሩ እኔ ለአንድ ሸበጥ ምን አንጨረጨረኝ?

ግን አንድ ነገር አለ። ክርስቶስ ሠምራ ገዳም ከመግባቷ በፊት ባለትዳር፣ የልጆች እናት፣ የትልቅ ቤት እመቤት ነበረች። ገድሏ እንደሚለው አንድ ቀን ገረዷ አናደደቻትና ትንታግ አንሥታ አፏ ውስጥ ከተተችባት፤ ልጅቱ ሞተች። እመቤቲቱ ደንግጣ፣ አልቅሳ፣ ይህችን ልጅ ካስነሣህልኝ ዓለምን እተዋለሁ ብላ ተሳለች። ልጅቱ ተነሣች፤ እርሷም ስለቷን አክብራ ወጣች። ያ ሁሉ ርኅራኄ የተወለደው ከጓዳ ቁጣ ነው። ድንቅ ነው። እኔ ግን ሴት ስለሆንኩ ይሆን፣ የጓዳ ሰው ስለሆንኩ፣ ሐሳቤ ከገረዲቱ ጋር ይቀራል። አፏ ተቃጥሎ፣ ሞታ ተነሥታ፣ ምን አለች? ይቅር አለች? ጠየቃት ሰው? በንግሥ ቀን ስለ እርሷ ሲሰበክ ሰምቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁም። በኛ አገር ነፍስ ያጠፋ እንኳ ሲታረቅ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የሟች ወገን እግር ሥር ይወድቃል። ደም አድራቂ ሽማግሌዎች ደጅ ሲጠኑ ይከርማሉ፤ ካሣ ይቆረጣል፤ መሐላ አለው። ነገሩ ጓዳ ሲገባ ይህ ሁሉ ሥርዓት የት ይጠፋል? ባል ሚስቱን ደብድቦ ያድራል፤ በማግስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ይመጣሉ፤ ጠላ ይቀርባል፤ የምትቀዳው እሷው ናት፣ ባበጠ ዓይኗ። ከዚያ «በይ እንግዲህ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በይ» ትባላለች። ድንጋይ የተሸከመ የለም። ካሣ ያነሣ የለም። ዝም ካለች እልኸኛ ናት፤ ክርስትናዋ ጎደለ። የእግዚአብሔርን ስም ለጓዳ ጸጥታ ማስከበሪያ ማድረግ ድፍረት ካልሆነ ድፍረት ምንድን ነው? ጸጋ በነፃ ነው ይሉናል። ነው። በየቤቱ ሒሳቡ የሚመጣው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያውም ሁልጊዜ ለዚያችው ሰው።

አሁን ይህን ሁሉ ከሸበጥ ጋር ማያያዜ ልክ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኛል። ልጁ ክፉ አይደለም። ቧንቧው በጠፋ ሰሞን ማንም ሳያዘው ከቦኖ ሁለት ጀሪካን ተሸክሞ፣ ዝናብ እየወረደበት መጣ። በኔ ሸበጥ ነው የመጣው። ጀሪካኖቹን አስቀምጦ «ይቅርታ እታለም» አለ። ምን ልበለው? ውሃውን ቀድቼ ቡናውን ጣድኩ።

አማቴ ለ24 ጓንጉት ካልሄድኩ ብለዋል። ዋርሳዬ ይሸኛቸዋል፤ እኔ ቤት እጠብቃለሁ። መቼም ቤት የሚጠብቅ አይጠፋም። እናንተም የምትሄዱ ካላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለጸበል መቅጃ ክዳኑ የሚገጥም ጀሪካን ያዙ፤ የመመለሻችሁን ገንዘብ ደግሞ ለብቻው ቋጥሩት።